ጥርሳቸው የተነቀለበት ዓመት

ክርስትና ቤት ተጠርቼ ሄጄ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አንዱ ይመጣና ፊቴ አፉን ከፍቶ ይቆማል። «እስኪ ይቺን እያት፤ ኢንሹራንስ ለኢምፕላንት ይከፍላል?» እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኒው ሆፕ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ስልክ የማነሳ፣ ቀጠሮ የምይዝ፣ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ቀኑን ሙሉ የምጨቃጨቅ ሠራተኛ ነኝ። ይህንን ስንት ጊዜ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ባሌ «ከካህኑ ይልቅ አንቺን ነው የሚፈልጉት» እያለ ይስቅብኛል።

ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም። አንዳንዱ ኢንሹራንስ ለሚተከል ጥርስ ጭራሽ አይከፍልም። አንዳንዱ ግማሹን ይከፍላል፤ እሱንም ለዓመቱ ከቆረጠው ጣሪያ ሳያልፍ። አንዳንዱ ደግሞ «ኢምፕላንቱ ይቅርብህና የሚወልቀውን አድርግ» ይላል። ከሁሉ የምታበግነኝ ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ናት፤ ጥርሱ የወጣው ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ አንከፍልም ትላለች። ስለዚህ ማንም ሰው ጥርስ ሊያስተክል ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «መቼ ተነቀለ?» ነው።

በዚህች አንቀጽ የተነሳ ያልለመነኝ የለም። «አንድ ቁጥር ብትቀይሪ ምን ትሆኛለሽ?» ይሉኛል። የባሌ የአክስት ልጅ በዚሁ ምክንያት ሰላምታ ከነሳኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ ደግሞ እኮራበት ነበር። ሌላው ያጭበርብር፣ እኔ ቀን አልቀይርም እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ቁጡ ነኝ፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ከአፏ በፊት ግንባሯ ይናገራል» ትል ነበር። ችኩልም ነኝ። አንዱን ስልክ በትከሻዬ ይዤ፣ በእጄ እየጻፍኩ፣ በዓይኔ በሩን የማይ ሰው ነኝ። ቁጣና ችኮላ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ የተማርኩት ባለፈው የበረዶ ወራት ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ሰኞ ጠዋት ቅዳሜና እሁድ ጥርሱን ሲያመው የከረመ ሁሉ የሚመጣበት ነው። ዉድበሪ ካለው ቤቴ ተነስቼ መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ከተሞች አቋርጬ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይበቃኛል፤ ያን ቀን በረዶው መንገዱን ይዞት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ስገባ ሁለት ስልክ ይጮሃል፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ የአገራችን ባልና ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። መስኮቴ ፊት ደግሞ አንድ አዛውንት ቆመዋል።

አዛውንቱ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ኤርትራዊ ናቸው፤ የተወለዱት አስመራ፣ የተማሩት አዲስ አበባ። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው፤ ትግርኛው ግን ከሥር ከሥር ይሰማል። ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት የሚሄዱ ሰዎችን በቫን የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው። ኮቪድ ካለፈ ወዲህም ማስካቸውን አላወለቁም፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ለዶክተራችን ዝቅ ሲያደርጉት ነው። ከላይ፣ ከፊት ለፊት፣ አንድ ጥርስ የለም። ዶክተሯ አይታ አጥንቱ ጠንካራ ነው፣ ይተከላል ብላቸው ነበር። እኔም ኢንሹራንሳቸውን ጠይቄ፣ ግማሹን እንደሚከፍል፣ ያቺ አንቀጽ ግን እንዳለችበት ነግሬያቸው፣ ጥርሱ የተነቀለበትን ማስረጃ እንዲያመጡ ተስማምተን ተለያየን። ያን ሰኞ የመጡት ማስረጃውን ይዘው ነው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «ይኸው ያልሽኝ ወረቀት። አምና ለእህቴ ለቅሶ አዲስ አበባ ሄጄ፣ እዚያው ለቅሶ ቤት ቆሎ ስቆረጥም ተሰበረ። ሲጠዘጥዘኝ አድሮ በማግስቱ አስነቀልኩት።»

ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የጥርሱ ቁጥር አለ። የሐኪሙ ፊርማ አለ። ቀኑን አየሁት። ዓመቱ ኢንሹራንሳቸው ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ በእርጋታ ይጠብቁኛል። ስልኩ አሁንም ይጮሃል። ደሜ ፈላ። እኚህም እንደሌሎቹ ናቸው አልኩ በሆዴ።

«አባባ፣ የሚነግሩኝና ወረቀቱ አይገናኝም።»

«እንዴት ልጄ?»

«ጥርስዎ የወጣው ኢንሹራንሱ ሳይጀምር ነው።»

«የለም፣ የለም። አምና ነው። በእህቴ ለቅሶ።»

«እዚሁ ተጽፏል እኮ! ስንቱ እንደሚመጣብኝ ባወቁ። እኔ ለማንም ቀን አልቀይርም። በዚህ ዕድሜዎ ለአንድ ጥርስ ብለው ባይዋሹ ይሻልዎት ነበር፤ ያውም ለቅሶ እየጠሩ!»

በአማርኛ ነው የተናገርኩት፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግሁም። ጥግ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ወሬያቸውን አቆሙ። አዛውንቱ ማስካቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ ወረቀቱን እዚያው ትተውልኝ ወጡ። መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶውን እየፈሩ ቀስ ብለው ሲራመዱ በመስኮት አየኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓት የተሰማኝ ኩራት ነበር።

ወረቀቱን ስካን አድርጌ፣ ቀኑን ከነዓመቱ መዝግቤ፣ ለኢንሹራንሱ ላክሁት። በሁለት ሳምንት መልሱ መጣ፤ አይከፈልም። ቅጂውን በፖስታ ላክሁላቸው። አልደወሉም። ያልደወሉት እውነቱን ስለሚያውቁት ነው ብዬ ረሳኋቸው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ሲዋርድ ሰፈር ወዳለ የእኛ ሰው ሱቅ ሥጋ ልገዛ ገባሁ። ከፊቴ ሦስት ሰው ስለነበር መቆም ግድ ሆነብኝ፤ መቆም ደግሞ አልችልበትም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ሲንከራተት ሁለት ካላንደሮች ጎን ለጎን ተሰቅለው አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያን በየመስከረሙ የምታሳትማቸው፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለባቸው። በአንደኛው ላይ ያለውን ዓመት የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። አሁንም አየሁት። የት ነው ያየሁት? በቅርቡ ነው፤ በእጄ ጽፌዋለሁ።

«ይሄኛው ለምን አልወረደም?» አልኳት ባለሱቋን።

«የአምናው ነው። ሥዕሉን ስለወደድኩት ነው» አለችኝ።

የአዛውንቱ ወረቀት ላይ ያለው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ያለው ክሊኒክ ቃሉን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር አስፍሮታል። እኔ በፈረንጅ አነበብኩት። ሰውየው አምና አሉ፤ ወረቀቱም አምና ይላል። ባለሱቋ «እመቤት፣ ሥጋሽ ደርሷል!» ብላ ስትጣራ እኔ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ነበር፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም።

ፈረንጅ ቢሳሳት አይፈረድበትም። እኔ ግን በየመስከረሙ እንኳን አደረሳችሁ እያልኩ ቴክስት የማደርግ፣ የልደቴን ቀን ለፓስፖርት ስገለብጥ በጣቴ የቆጠርኩ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ ዓመት ሲጠራልኝ ሳላስበው በልቤ የምደምር ሰው ነኝ። ሰርግ ቤት ብሆን ኖሮ ያንን ወረቀት በአንድ እይታ አውቀው ነበር። መስኮቱ ውስጥ ስቀመጥ ግን ሌላ ሴት ነኝ፤ ያቺ ሴት ደግሞ ሰው ሁሉ ሊያታልላት የመጣ ይመስላታል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ አፍ ሲያመልጥ ግን ክፍሉ ሙሉ ሰው ሰምቷል።

እሁድ ቅዳሴ ላይ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ አደርጋለሁ። ባሌ ታሪኩን ሰምቶ «ስህተት ነው እኮ፤ ነገ አስተካክይው» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። እኔን የሚበላኝ የዓመቱ ነገር አልነበረም፤ «ለቅሶ እየጠሩ» ያልኩት ነው። እህታቸውን ቀብረው የመጡ ሰው ናቸው። ማታ ሳህን ሳጥብ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ አንዲት ጨዋ ሴት አነሳች። ጉዳዩን ከፍታ አየችና ጠበቀችኝ።

«ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«ማለት?»

«እኛ አገር ዓመቱ ከእናንተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው።»

«ሰባት ነው ስምንት?»

«እንደ ወሩ ነው።»

የኪቦርዷ ድምፅ ተቋረጠ። እኔው ራሴ ስሰማው የአጭበርባሪ ንግግር ይመስል ነበር። አሥራ ሦስት ወር እንዳለንም ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ላላመነ ሰው እውነት መናገር እንዴት እንደሚያልብ ያን ጊዜ አየሁት፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሴትየዋ ግን አልሰደበችኝም። «ማስረጃ ካለሽ እንደገና እናየዋለን» አለች። «በተባለው ጊዜ እዚያ አገር እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር፤ ለምሳሌ ፓስፖርታቸው ላይ የተመታ የመግቢያ ማኅተም። እስከ አሥር የሥራ ቀን ይወስዳል።» ልትዘጋው ስትል ደግሞ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «ጡረታ እየወጡ ነው። ሽፋናቸው በዚህ ወር መጨረሻ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለሚሠራ ሥራ አንከፍልም።»

ጣቶቼን ዘርግቼ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያለው የመንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ጥርስ ላይ እጁን አያስገባም፤ ይህንን በየቀኑ ለሰው የምናገር እኔ ነኝ። ለአዛውንቱ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። አራት ጊዜ ደወልኩ። መልእክት ተውኩ። ማክሰኞም እንዲሁ። የሚነሳ ስልክ ባገኝ ምን እንደምል በየመንገዱ ለብቻዬ ስለማመድ፣ አጠገቤ ቀይ መብራት ላይ የቆሙ ሰዎች ያዩኛል።

ዶክተራችን ሰምታ «ደብዳቤ ጻፊላቸው» አለችኝ። ጥሩ ሰው ናት፤ ግን ደብዳቤ ለእኛ ሰው ይቅርታ አይሆንም። የታካሚ ቤት መሄድ ደግሞ በደንባችን ክልክል ነው። ለማንም ቀን የማልቀይረዋ፣ ደንብ አክባሪዋ እኔ፣ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ አድራሻቸውን ከፋይሉ ላይ ገልብጬ ሄድኩ። ባዶ እጅ አይኬድምና መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ገባሁ። ፖም በከረጢት ሞልቼ ካሸሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ የፊት ጥርስ ለሌለው ሰው ፖም ይዤ ልሄድ መሆኔ ታወሰኝ። መልሼ ሙዝ አነሳሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሙዝ ተሸክሜ ቆምኩ።

የሚኖሩት ከክሊኒኩ ብዙም የማይርቅ አፓርታማ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ከጥርስ ክሊኒኩ።»

ኮቴያቸው ሲርቅ፣ ሲመለስ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ማስክ አድርገዋል። ሰው ቤቱ ውስጥ ለብቻው ማስክ አያደርግም፤ እኔ መሆኔን ሰምተው ነው ያደረጉት። «ግቢ» አሉኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ወንበር ጠረጴዛው ጋ፣ አንድ ወንበር መስኮቱ ጋ። መስኮቱ ጋ ያለውን ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነበር። እኔ…»

«ገብቶኛል።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። ቫኑን አስነስቼ ገና ከግቢያችሁ ሳልወጣ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሱም? ለምን አልደወሉልኝም? አንዲት ቃል ቢነግሩኝ እኮ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር!» ይህንንም በቁጣ ነው ያልኩት፤ አመሌ አይለቀኝም። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ።

አዛውንቱ አልተቆጡም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ የሚባልላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። «እህቴን ቀብሬ መጥቼ፣ በእሷ ለቅሶ ዋሸህ ካልሽኝ በኋላ፣ ካላንደር ይዤ ላስረዳሽ ልመለስ?» አሉኝ። «ሰው የሚያስረዳው ለሚጠይቀው ነው። አንቺ አልጠየቅሽኝም።»

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ቀጠሉ፤ እንደሚያማርሩም አልነበሩም፤ ያለፈ ነገር እንደሚነግሩኝ ነበር። «ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ባልና ሚስት የእኛ እድር አባል ናቸው። እኔ የእድሩ ዳኛ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት። ሰው ሲጣላ ‹እሳቸው ያሉት ይሁን› ይባል ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ስገባ ሰው እኔን ሲያይ ወሬውን ቀየረ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔው ማኅተሙን አስረክቤ ወጣሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። እኔ አንድ ጥርስ ያስቀረሁባቸው መስሎኝ ነበር የመጣሁት። «እድሩ ፊት ቆሜ ልናገር» አልኳቸው። «የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው? እኔ እመጣለሁ፤ እንደ ተሳሳትኩ እናገራለሁ።»

«አይሆንም። ወሬ በወሬ አይጠራም። ተይው።»

የኢንሹራንሷ ሴት ያለችኝን ነገርኳቸው፤ አሥራ ስድስት ቀን መቅረቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ማኅተሙን። እንባዬ እየመጣ ስለነበር ተቻኮልኩና ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ የቁምሳጥን በር ሲከፈት ሰማሁ። ፓስፖርቱን አምጥተው የአዲስ አበባ ማኅተም ያለበትን ገጽ ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ለጥርሱ ብዬ አይደለም» አሉ። «የጻፍሽው እንዲስተካከል ነው። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ውሸታም ተብዬ ተጽፌ እንዳልቀር።»

በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ሁለቱ ደብዝዘው ሦስተኛው ወጣልኝ። ስወጣ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልኩ፤ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉኝ። የሰማሁት እንደ ይቅርታ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ስልክ ብቻ ናቸው። ፎቶውን ላክሁ፤ ደረሰን አሉ። በማግስቱ ደወልኩ፤ አልደረሰንም አሉ። እንደገና ላክሁ። በአንድ ገጽ የሁለቱን አቆጣጠር ልዩነት በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ዶክተራችንን አስፈርሜ ጨመርኩበት። የምሳ ሰዓቴን በሙሉ ስልክ ላይ ጨረስኩት፤ ሳንድዊቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይሻግታል። በዚያ መሃል ያን ሰኞ ከባሏ ጋር ጥግ ላይ የነበረችው ሚስት ጥርሷን ልታስጠርግ መጣች። ስሟን ሳልጠራ ከመስኮቴ ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አዛውንቱ እውነታቸውን እንደነበረ፣ ስህተቱ የእኔ እንደነበረ ነገርኳት። «ውይ፣ እኛ እኮ ለማንም አልተነፈስንም» አለችኝ፤ እኔ መቼ ጠየቅኳት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «እንግዲያው አሁን ተንፍሱ» አልኳት። ፊቷ ቀልቶ ስልኳን ማየት ጀመረች።

የኢንሹራንሱ ፈቃድ የመጣው ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የዶክተራችን ቀጠሮ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ለመንኳት፤ አንድ ሰው ደውሎ ሲሰርዝ ደግሞ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የወሩ መጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ሰው። ለአዛውንቱ ቴክስት አደረግሁ። «ኦኬ» የሚል መልስ ብቻ መጣ።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ወረደ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ሁሉ እየደወለ ይሰርዛል። እሳቸውም ይቀራሉ ብዬ በየደቂቃው መኪና ማቆሚያውን አያለሁ። አንድ መኪና በገባ ቁጥር እነሳለሁ። የሥራ ጓደኛዬ «ኧረ አዞርሽኝ፣ ተቀመጪ» ትለኛለች። ከቀጠሯቸው አራት ደቂቃ ቀድመው በሩን ከፍተው ገቡ፤ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ፤ መስኮቴ ጋ መጡ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«እንደምን ዋሉ አባባ! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ጉድ አፍተርኑን» አሉኝ። «አይ ሃቭ አን አፖይንትመንት።»

ከኋላዬ ያለችውን ፈረንጅ የሥራ ጓደኛዬን አክብረው በእንግሊዝኛ ያወሩኝ መሰለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውም ታርሟል» አልኳቸው።

«ታንክ ዩ።»

ደንብ ስለሆነ የትውልድ ቀናቸውን ጠየቅኳቸው። በእንግሊዝኛ፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን ለያይተው፣ እንዳልሳሳት ቀስ ብለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነገሩኝ። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ። ጥርሱን የሚሸከመው ብረት ያን ቀን ተተከለ፤ ኢንሹራንሱም ከሰዓታት በኋላ አበቃ። ግማሹን ከፈለ። እኔ እንዳሸነፍኩ ለባሌ ደውዬ ነገርኩት።

ብረቱ ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ ወራት ይፈልጋል፤ ላይኛው ጥርስ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ሒሳብ ከራሳቸው ኪስ ቀስ በቀስ ጨረሱት፤ እኔ ልክፈል ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅሁ፣ «ኖ ታንክ ዩ» ብለውኛል። ለምርመራ አምስት ጊዜ መጥተዋል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የእኛ ሰው ሲያገኙ ያ የጠራ አማርኛቸው ይሰማኛል፤ ይጠይቃሉ፣ ይጫወታሉ፣ የአንዷን ልጅ ስም ትርጉም ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። መስኮቴ ጋ ሲደርሱ ጉድ ሞርኒንግ ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እድሩ ሌላ ዳኛ መርጧል፤ ተመለሱ ብለው ሽማግሌ እንደላኩባቸው፣ እሳቸውም ዕድሜዬ ገፋ ብለው እንደመለሱ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

የመጨረሻው ቀጠሯቸው በሙቀቱ ወራት ነበር። ዶክተራችን ከውስጥ እየሳቀች ወጥታ «ሂጂ እይው፤ በዚህ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ እሱ ነው ያማረው» አለችኝ። ረዳቷ ሳይቀር መስታወት ይዛ እየተከተለቻቸው «ሶ ሃንድሰም» እያለች ወጣች። አዛውንቱ መስኮቴ ፊት ቆሙ። ፊርማ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፈረሙ። ማስካቸው እስከ ዓይናቸው ሥር ነው።

«አባባ» አልኳቸው፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ። «እስኪ ያሳዩኝ።»

እስክርቢቶውን መለሱልኝ። «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ፣ ማም» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ጥርሱን እስከ ዛሬ አላየሁትም።